የቅጥቅጡ ሙሽራ

ባለፈው ወር የትራንስፖርት ማኅበራችን አዲስ መተዳደሪያ ደንብ ሲያጸድቅ፣ “ማንኛውም ተሳፋሪ በጉዞ ላይ የሙዚቃ መሣሪያ መጫወት አይፈቀድለትም” የሚለው አንቀጽ ላይ ስንደርስ ከእኔ በቀር ሁሉም እጁን አወጣ። እኔ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ነኝ። ሰብሳቢው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየኝና “ሲሃም፣ ተቃውሞ ነው ወይስ ድምፀ ተአቅቦ?” አለኝ። “እጄን አሞኝ ነው” አልኩት። ቃለ ጉባኤው ላይ እንደዚያው ተጻፈ። ደንቡም ጸደቀ፤ ታተመ፤ በየመኪናው ተለጠፈ፤ እስካሁን ሲያነበው ያየሁት ሰው የለም።

ደንቡ መጥፎ ነው አልልም። ከኮምቦልቻ እስከ ጀውሃ ክራር ከሚለማመድ ጎረምሳ ጎን ተቀምጬ መጥቻለሁ። ልጁ የሚያውቃት አንዲት ዜማ ነበረች፤ እሷንም ቢሆን እስከ ግማሽ ነው የሚያውቃት። የዚያን ዕለት ድምፅ ስጪ ቢሉኝ ሁለቱንም እጄን ነበር የማወጣው። ግን በልጅነቴ አንድ ጊዜ ድቤ የተመታበት ቅጥቅጥ ውስጥ ተሳፍሬ ነበር፤ ያንን ድቤ በሚከለክል ወረቀት ላይ እጄ አልነሳ አለኝ።

አክስቴ ሰሊማ ልትዳር መሆኑን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። ሰባት ወይ ስምንት ዓመቴ ነው። ሙሽራ ምን ምን እንደምታደርግ ከሰፈራችን ሰርጎች አጥንቻለሁ። ሙሽራ ከቤት አትወጣም፤ ሰሊማም ጓዳ ከገባች ከርማ፣ ፀሐይ ሳያያት ፊቷ ገርጥቷል። ሙሽራ ስትታጠብ ነው የምትውለው፤ የሰሊማ ልብስም ጓሯችን ካለው ገመድ ላይ ወርዶ አያውቅም። ሙሽራ ታለቅሳለች፤ እሱንማ ተዉት። በዚያ ሰሞን ደግሞ እናቴ መሊካ ከገበያ አንድ ጠርሙስ ሽቶ ይዛ ገባች። እናቴ ለራሷ ሽቶ ገዝታ አታውቅም። አዲስ ቀሚስ ተሰፋ፤ ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን ሻል ተገዛ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን ሰሊማ ውሃ አልጠጣም አለች። እህልም አልነካችም። አፍራ ነው፣ ሙሽራ አይደለች እንዴ። በጓዳው መጋረጃ በኩል ከእናቴ ጋር ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

“አሁን ካልሆነልኝ ሁለተኛ አልወጣም፣ መሊካ” አለች። “እዚሁ ጓዳ ትቀብሩኛላችሁ።”

“ይሆናል፣ ኢንሻአላህ” አለች እናቴ። “እዚያ ያሉት ሰዎች እንዳንቺ ያለ ብዙ አይተዋል።”

አማቾቿ ብዙ ሙሽራ ያስገቡ ትልቅ ቤተሰብ ናቸው ማለት ነው አልኩ በልቤ። ኮራሁ።

አክስቴ ሙሽራ አልነበረችም። አንድ ጊዜ ነበረች። ባሏ ዘንድ በገባች በዓመቷ ምጥ ያዛት፤ ምጡ አልላቀቅ ብሎ ቀናት ፈጀባት፤ ልጁ ሞቶ ወጣ። እሷ ተረፈች፤ የተረፈችው ግን ሽንቷ ያለፈቃዷ የሚፈስ ሆና ነው። ባሏ መጀመሪያ አልጋ ለየ፣ ቀጥሎ ቤት ለየ፣ በመጨረሻ “እህትሽ ዘንድ ትንሽ አገግመሽ ነይ” ብሎ ሸኛት። ተመልሶ አልጠየቃትም። አዲስ አበባ ይህንን የሚጠግን ሆስፒታል እንዳለ ለእናቴ የነገረቻት የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ከዚያ በፊትም አንዴ ሞክረው ነበር። የአርማንያን ከተማ ሳያልፉ ተሳፋሪው “ሸተተን” ብሎ አስወረዳቸውና ቁልቁለቱን በእግራቸው ተመለሱ። ለእኔ “መኪናው ተበላሸ” ነው የተባልኩት። ያመንኩትም ያንን ነው፤ የዚያን ጊዜ መኪና ሁሉ ይበላሽ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችን ተሳፈርን። እናቴ መሀል ላይ ካለው ወንበር የመስኮቱን ጥግ መርጣ፣ የማዳበሪያ ላስቲክ አጥፋ አነጠፈችና ሰሊማን በላዩ አስቀመጠቻት። አዲሱ ቀሚስ እንዳይቆሽሽ ነው። እኔን ከመሀል አደረገችኝ። የሽቶው ጠርሙስ ሙሉ በሙሉ የተደፋባት ይመስል ነበር፤ አስነጠሰኝ።

ከፊታችን ጋሽ አብዱልሃዲ የሚባሉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ድቤ ከጎናቸው ወንበር ላይ ቁጭ ብሏል። ለመውሊድ ወደ አዲስ አበባ እየሄዱ ነው። ረዳቱ ሱፍዋን፣ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ፣ ከተሳፈሩ ጀምሮ ሲጨቃጨቃቸው ነበር።

“ጋሼ፣ ጣሪያ ላይ ነው የሚጫነው።”

“እኔ ጣሪያ ላይ ከተጫንኩ እሱም ይጫናል።”

“እንግዲያው የሰው ሂሳብ ይከፍሉበታል።”

“ይከፈልበት” አሉና ከፈሉ። ድቤው ባለ ወንበር ሆነ።

ከኋላችን እትዬ ሸዋነሽ የምትባል የደብረ ብርሃን ነጋዴ ነበረች። ከቆላ ጥጥ ገዝታ ለደጋ ፈታዮች የምትሸጥ፣ ድምፅዋ ከመኪናው ሞተር የማያንስ ሴት። የጥጥ ከረጢቷን ከእግሯ ሥር አስገብታ ተቀምጣለች። ሾፌሩ ደምመላሽ ይባላል፤ ቴፑ ከተበላሸ የከረመበት፣ የተበላሸበትንም ቀን እንደ ዕረፍት ቀን የሚያይ ሰው ነበር።

ከሮቢ ወንዝ ድልድይ ጀምሮ ሙቀቱ ሰውን አላስቀምጥ አለ። መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል፤ የሽንኩርት እርሻው ሽታ፣ አቧራው፣ የከብቱ ድምፅ ሁሉም በነፃ ይገባል። ፈይሰል የሚባል የፊት ወንበር ጎረምሳ ወደ ኋላ ዞሮ፣

“ጋሼ፣ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ አንድ ሁለቴ ምቱልና፤ ቴፑም የለ” አላቸው።

“ይሄ የመንዙማ ድቤ ነው” አሉ ጋሽ አብዱልሃዲ። “ለነቢዩ ውዳሴ እንጂ ለጨዋታ ተመትቶ አያውቅም። ሰው ተጣጥቦ፣ አረፍ ብሎ፣ ልቡን ሰብስቦ ነው። መኪና ላይ፣ ይሄ ዶሮ ተሸክሞ ያ ሲያንቀላፋ፣ ድቤ አይመታም።”

“ትክክል ነው” አለ ደምመላሽ ከመሪው ላይ። “በእኔ መኪና ባለ ድቤም፣ ባለ ማሲንቆም፣ ባለ ዋሽንትም አይሠራም። መንገዱ ጆሮ ይፈልጋል።”

“ክላክስህስ መሣሪያ አይደለም?” አለ ፈይሰል።

“ክላክስ የመንግሥት ሕግ ነው።”

ሰው ሳቀ፤ ነገሩም እዚያው ላይ ያለቀ መሰለ። ሽማግሌውም ሾፌሩም ረዳቱም በአንድ ነገር የተስማሙበት መኪና ነበር። መሣሪያ በመኪና ውስጥ አይመታም።

አርማንያን ስናልፍ ዳገቱ ሞተሩን ያስቃስተው ጀመር፤ ነፋሱም ደጋ ደጋ ይል ጀመር። መጀመሪያ አንዲት ሕፃን የታቀፈች ሴት መስኮቷን ዘጋች። ከዚያ ጎረቤቷ። “ኧረ ዝጉት፣ ብርድ ሊመታን ነው!” የሚል ድምፅ ከፊት መጣ። በየተራ ቀጭ ቀጭ እያለ የመኪናው መስኮት በሙሉ ተዘጋ። የአገራችን ተሳፋሪ ከገደልም ከሽፍታም በላይ የሚፈራው በመስኮት የሚገባ ነፋስን ነው። እናቴ በላያችን ተንጠራርታ የእኛን መስኮት በክንዷ ጥቂት ከፈት አድርጋ ለመያዝ ሞከረች፤ ሱፍዋን መጥቶ “እማማ፣ ሕፃን አለ እኮ” ብሎ ጠረቀመው።

ብዙም ሳይቆይ ሰው አፍንጫውን ያሽ ጀመር።

“ምንድን ነው የሚሸተው?” አለች እትዬ ሸዋነሽ።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ፍለጋ እኔን በጣም ነው ያዝናናኝ። ዶሮ የያዘው ሰውዬ ዶሮውን ከፍ አድርጎ ጅራቱን ለሕዝብ አሳየ። የአንዱ ጄሪካን ተከፍቶ ተሸተተ፤ ማር ሆኖ ተገኘ። ሕፃኗ ተገልጣ ታየች፤ ንጹሕ ናት። ፈይሰል ጫማውን እንዲያወልቅ ተጠየቀ፤ አውልቆ ሲያበቃ መልሰህ አድርግ ተባለ። እኔ አንገቴን እያንጠራራሁ እስቃለሁ። የእናቴ እጅ ጉልበቴን ጨምድዶ ይዞኛል።

“ሽንት ነው እንጂ!” አለች እትዬ ሸዋነሽ። “ሽንት ሽንት ነው የሚለው።”

ሱፍዋን አፍንጫውን አስቀድሞ መጣና እኛ ዘንድ ቆመ። እኔን አየኝ።

“አንቺ ነሽ?”

“ልጅ ናት እኮ፣ ወንድሜ” አለች እናቴ ቶሎ ብላ። “አመለጣት መሰለኝ። አጥባታለሁ፣ ደብረ ሲና ስንደርስ—”

“እኔ አይደለሁም!” ብዬ ተነሣሁ። ትልቅ ልጅ ነበርኩ፤ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ። ቀሚሴን ለመኪናው ሕዝብ ዞሬ አሳየሁ። “እዩ! ደረቅ ነው! እዩ!”

ያን ጉዞ ለምን ይዘውኝ እንደሄዱ የገባኝ ራሴ እናት ከሆንኩ በኋላ ነው። ከጎረቤት ትተውኝ መሄድ ይችሉ ነበር። ሽታ ቢመጣ በልጅ ይሳበባል፣ ልጅ ደግሞ ከመኪና አይወረወርም ብላ ነው እናቴ ያሰበችው። ለአንድ ሥራ ብቻ ነበር የተሳፈርኩት፤ ያንኑም ሥራ በቆምኩበት አፈረስኩት።

ሰው መሳቅ ጀምሮ ነበር። ከዚያ ሳቁ ቆመ። እኔ ስነሣ ላስቲኩ ከጥጉ ተጎትቶ ኖሮ፣ በላዩ የተጠራቀመው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። መኪናው ዳገት ላይ ነው፤ ውሃው ቀጭን መስመር ሠርቶ ወደ ኋላ ወረደ፤ የእትዬ ሸዋነሽ ከረጢት ሥር ገባ። እሷ ዝቅ ብላ አየችው። ቀና ብላ ደግሞ የሰሊማን ሻል አየች። ከረጢቷን ካለበት አላነሣችም።

ሱፍዋን ግን ሥራው ነው። የመኪናውን ጣሪያ በመዳፉ ደበደበ። “ወራጅ አለ!”

ደምመላሽ ከአንድ ጥምዝ ላይ ጥግ ይዞ አቆመ። በሩ ተከፈተ። ከበሩ ውጭ ገደል፣ ከገደሉ በታች የመጣንበት ቆላ በጉም ውስጥ ይታያል።

“በአላህ፣ ወንድሜ” አለች እናቴ። “እስከ ደብረ ብርሃን ብቻ። እዚያ ሌላ እንፈልጋለን።”

“እኔ ምን ላድርግ፣ እናቴ? ሰው ነው የሚያስቸግረው።” ዓይኗን አላያትም፤ የበሩን እጀታ ነው የሚያየው።

“ተይ መሊካ” አለች ሰሊማ ከሻሏ ውስጥ፣ እኔና እናቴ ብቻ በምንሰማው ድምፅ። “እንውረድ። አልሆነም።” ላስቲኩን ማጣጠፍ ጀመረች።

እኔ የታየኝ አማቾቿን ፈርታ ልትጠፋ የምትል ሙሽራ ናት። ብዙ ሙሽራ እንደዚያ እንደሚያደርግ ሰምቻለሁ። ሊይዛት የሚገባው ሰው ሁሉ ዝም ማለቱ ገርሞኝ ዙሪያዬን አየሁ።

ያኔ ነው ድቤው አንዴ የተመታው።

በተዘጋ መኪና ውስጥ ድቤ ሲመታ በጆሮ ብቻ አይሰማም፤ በወንበሩ ብረት በኩል አጥንት ውስጥ ይገባል። ዶሮው ጮኸ። ጋሽ አብዱልሃዲ ብርድ ልብሱን ገልጠው ድቤውን ጭናቸው ላይ አውጥተዋል። ፊታቸው ልክ ትኬት እንደሚጠብቅ ሰው ነው። ደግመው መቱ።

“ጋሼ!” አለ ሱፍዋን። “ምን እያደረጉ ነው? መኪና ላይ አይመታም ተባብለን!”

“ማን ነው ያለው?”

“እርስዎ ራስዎ ቅድም አይመታም አላሉም?”

“ቅድም ሙሽራ መሳፈሯን አላወቅኩም።”

“የምን ሙሽራ?”

“ይህቺ ምንድን ናት ታዲያ?” አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ሰሊማ እያመለከቱ። “ተሸፍናለች። እህቷ ይዛታለች። ሽቶዋ መኪናውን ሞልቶት አልሸተታችሁም? ስትፈላልጉ የቆያችሁት እኮ እሱን ነው። ሙሽራ ይዞ ዝም ብሎ የሚሄድ መኪና የት አገር ነው ያያችሁት?”

ከፊት አንድ ከረባት ያሰረ ሰው “እኛ የከፈልነው ለወንበር ነው እንጂ ለድቤ አይደለም” አለ። ሌላው “ኧረ ሾፌሩን ያዘናጋል፣ ይሄ ሁሉ ገደል ባለበት” አለ። ሱፍዋን “በሕግ ክልክል ነው” አለ፣ የትኛው ሕግ እንደሆነ ባያውቅም።

“ለድቤውም ከፍያለሁ” አሉ ጋሽ አብዱልሃዲ። “የሰው ሂሳብ አስከፍለህ ዝም በል ትለዋለህ? ይልቅ ስሙኝ፤ የሙሽራ ድቤ በተዘጋ ቤት አይመታም። ወግ አይደለም። መስኮቱን ክፈቱ።”

ማንም አልተነቃነቀም። ብርዱ ከውጭ ይጠብቃል። ሰሊማ ላስቲኩን እንደያዘች ቆማለች። ብንወርድ የት እንደሚያበቃ እናቴ ታውቃለች፤ ጓዳ ነው፣ ከዚያም ወዲያ የለም።

ከኋላችን ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። እትዬ ሸዋነሽ መስኮቷን እስከ ጫፉ ድረስ ገፍታ ከፈተችው። የነጠላዋ ጫፍ በነፋስ ተነሣ።

“ሙሽራማ ይሞቃታል” አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወደ ልኩ ተመለሰ። “አንተ ልጅ! ምን ተገትረህ ታየኛለህ? በሩን ዝጋና መስኮቱን ክፈት እንጂ! ሙሽራ ቆማ ትሄዳለች እንዴ? ቁጭ በይ የኔ እናት፣ ቁጭ በይ።” ብላ እልልታዋን ለቀቀችው። ጆሮዬ እስከ ማታ ነው የጮኸው።

ሱፍዋን ግራ ገብቶት ወደ ሾፌሩ ዞረ። ደምመላሽ በመስተዋቱ ውስጥ እያየ ነበር። ሽማግሌውን አየ፤ እናቴን አየ፤ ወለሉን አየ።

“ሱፍዋን፣ እኔ በመኪናዬ ድቤ አይመታም ብዬ አውቃለሁ?”

“ብለሃል።”

“መቼ?”

“ቅድም! ሁልጊዜ!”

“አሁን ግን አላልኩም” አለና ማርሽ አስገባ። የሰርግ መኪና እንደሚያደርገው አድርጎ ክላክሱን ሲያስጮኸው ዳገቱ በሙሉ መለሰለት።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። መስኮቶቹ በተዘጉበት ቅደም ተከተል ሳይሆን እንዳገኙ ተከፈቱ። ሕፃን የታቀፈችው ሴት ልጇን በጋቢ ጠቅልላ የራሷን ከፈተች። ጋሽ አብዱልሃዲ ምታቱን አሳመሩት። የእትዬ ሸዋነሽ ዘፈን የደጋ ነው፤ ከፊት የነበሩ የቆላ ሴቶች በራሳቸው ዜማ ተቀበሏት፤ ሁለቱ ዜማ አይገጥምም፤ ድቤው በመሀል ሆኖ ያስታርቃቸው ነበር። ፈይሰል ያጨበጭባል። ከረባት ያሰረው ሰውዬ የኮቱን ኮሌታ ቀና አድርጎ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ ወደ ውጭ እያየ ተቀመጠ። እኔ ሚዜ መሆኔን ለራሴ ወስኜ የሰሊማን እጅ ያዝኩ። በሌላው እጇ ሻሏን ይበልጥ ወደ ፊቷ ሳበች። ሙሽራ ነቻ።

ደብረ ሲና ስንገባ ከተማው ተቀበለን። ቆሎ ሻጮቹ እንደ ወትሮው ጣሳቸውን ይዘው እየሮጡ ሲመጡ ድቤውን ሰሙና፣ “ሙሽራ ነው! ሙሽራ!” ተባባሉ። አንዷ ልጅ በመስኮት በኩል አንገቷን አስገብታ “የቷ ናት?” አለችኝ።

“ይህቺ!” አልኩ። “እኔ ደግሞ ሚዜ ነኝ።”

ልጅቷ ጣሳዋ ውስጥ ያለውን ቆሎ በሙሉ በእኛ ላይ በተነችው። ሌሎቹም በተኑ። ገብሱ፣ ሽምብራው፣ ሱፉ ፀጉሬ ውስጥ ገባ፤ እያነሣሁ በላሁት። እነዚያ ቆሎ ሻጮች ብቻ ነበሩ፣ ከእኔ ሌላ፣ ሙሽራ አየን ብለው ወደ ቤታቸው የገቡት።

ከዚያ መንገዱ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍበት ዋሻ። ድቤ በዋሻ ውስጥ ምን እንደሚመስል አልገልጸውም፤ ያልሰማ አያምነኝም። ጭስ ገባ፤ ሰው ሁሉ ሳለ፤ መስኮት የዘጋ አልነበረም። በወዲያኛው አፍ ስንወጣ ጣርማ በር ጉሙን ይዞ ጠበቀን። ጉሙ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ይወጣል። የቆላ ልጅ ነኝ፤ ጥርሴ ከድቤው ጋር እኩል ይመታ ነበር። እትዬ ሸዋነሽ ከኋላ ነጠላዋን አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ።

ከጣርማ በር ትንሽ ወረድ እንዳልን ድቤው ቆመ። ጋሽ አብዱልሃዲ መዳፋቸውን እፍ እፍ አሉበት፤ ድቤውን በብርድ ልብሱ ጠቅልለው ወደ ወንበሩ መለሱት። ዘፈኑም ቀስ እያለ አለቀ። ሰው በየወንበሩ ተኮማትሮ ተቀመጠ። ከዚያ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው መንገድ ሜዳ ነው፤ ነፋሱ ደግሞ የሚቆርጥ ነው። መስኮቱ ግን እንደተከፈተ ነበር። ረስተውት ነው ብዬ አሰብኩ።

ጣርማ በር ላይ መስኮት ከፍቶ የረሳ ሰው የለም። ይህንን መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩበት አላውቅም፤ ትኬት ቆራጭ ከሆንኩ ወዲህ የሰውን ጠባይ በመስኮት በኩል ነው የማየው። ለእናቱ መስኮት የማይከፍት ሰው አውቃለሁ። ድቤው መስኮቱን አስከፍቷል እንበል፤ ካቆመ በኋላስ ማን ነው ከፍቶ ያቆየው? ሕፃኗ ጋቢ ውስጥ፣ ሰውዬው ኮሌታው ውስጥ፣ ፈይሰል እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ፣ ማንም ወደ እኛ ሳይዞር፣ ማንም ምንም ሳይል፣ ያንን ሁሉ መንገድ ብርድ ጠጥተውልናል።

ጋሽ አብዱልሃዲን ሳይሞቱ በፊት ጠይቄያቸው ነበር። የማንጎ ዛፋቸው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸውና ታሪኩን አስታወስኳቸው።

“ሙሽራ አልነበረችም እንዴ?” አሉኝ።

“አልነበረችም፣ ጋሼ።”

“እንግዲያው ያን ሁሉ መንገድ እጄን በከንቱ ነው ያቆሰልኩት በይኛ” አሉና ማንጎ ሰጡኝ። ከዚህ የተለየ ቃል አላገኘሁባቸውም። መንዙማ እንጂ ሌላ ተመትቶበት የማያውቀውን ድቤ ለእኛ ብለው ለሰርግ እንደመቱት የገባኝም ማንጎዬን በልቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ሱፍዋን ዛሬ ሾፌር ነው፤ ያንን የመሣሪያ አንቀጽ ያረቀቀውም እሱ ነው። ከስብሰባው በኋላ የትኬት መስኮቴ ላይ በክርኑ ተደግፎ “ለምን እጅሽን እንዳላወጣሽ አውቃለሁ” አለኝ።

“አንተ ያን ቀን ሙሽራ መስላህ ነበር?” አልኩት።

“ደብረ ብርሃን ላይ ወለሉን ያጠብኩት እኔ ነኝ” አለ። “እንዴት ነው ሙሽራ የምትመስለኝ?” ክርኑን ከመስኮቱ አነሣ። “ማንም አላመነም፣ ሲሃም። ከአንቺ በቀር።”

ሰሊማ አዲስ አበባ ከርማ ደረቅ ሆና ተመለሰች። ስትመለስ መሀል ወንበር ላይ፣ በሁለት ሰው መካከል፣ ውሃ በኮዳ ይዛ እየጠጣች ነው የመጣችው። አሁን ጀውሃ መንገድ ዳር ምግብ ቤት አላት፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች ስሟን እየጠሩ ይከራከሯታል፤ ድምፅዋ ከእትዬ ሸዋነሽ ድምፅ አያንስም። የዚያን ቀን ካላነሣሁባት አታነሣውም። ካነሣሁባት ግን ድቤውን አይደለም የምታወራው፤ ደብረ ብርሃንን ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ እትዬ ሸዋነሽ ወራጅ ነበረች። ከረጢቷን ከወንበሩ ሥር ስትጎትተው ከታች ይንጠባጠብ ነበር፤ ጉሙ አርሶት ይሆናል አልኩ። ለሱፍዋን አልሰጠችውም፤ እንደረጠበ ትከሻዋ ላይ አደረገችውና ወደ በሩ ሄደች። ከእኛ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። ነጠላዋን የምትወስድ መስሎኝ አውልቄ ዘረጋሁላት፤ አልተቀበለችኝም። ዝቅ ብላ ሰሊማን በሻሉ ላይ ሳመቻት።

“እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ የኔ እናት” አለቻት።

ሚዜ ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም። “እትዬ፣ ሙሽራ እኮ ናት! አልወለደችም!”

እትዬ ሸዋነሽ አየችኝ። “ውይ፣ ምን ነካኝ” አለች። “እውነትሽን ነው። እርጅና ነው፣ ይምታታብኛል።” ያለችውን ግን አልመለሰችም። ከረጢቱን ተሸክማ ቆማ ጠበቀች።

ለወለደች ሴት የሚባለውን ለሰሊማ ማንም ብሏት አያውቅም ነበር። የወለደችው ስላልተረፈ ገንፎ አልተገነፋላትም፤ ጎረቤት ደጇን አልረገጠም፤ በቋንቋችንም ሆነ በእምነታችን “እንኳን ተረፍሽ” ያላት አልነበረም። እሷም ከልጁ ጋር የሞተች ያህል ነው ዝም የተባለው። ይህቺ የማናውቃት ሴት ግን ከወለሉ ላይ ያየችውን አይታ፣ ከየት እንደመጣ አውቃ፣ ዘግይቶ ቢሆንም አለቻት።

አክስቴ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻሏን ከፊቷ ገለጠች። ፊቷ በሙሉ እንባ ነው።

“አሚን” አለች፣ መኪናው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። “አሚን፣ እትዬ።”

ሙሽራ አማቾቿ ዘንድ ሳትደርስ ፊቷን መግለጥ እንደሌለባት አውቅ ነበር። ሻሉን መልሼ ልሸፍንላት እጄን ዘረጋሁ። እናቴ እጄን በአየር ላይ ያዘችኝ።

“ተያት” አለችኝ። “ይዩዋት።”